የብረት ቁሩና መዝገቡ

ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ያዩትን፣ የሰሙትንና የገመቱትን ለይቶ መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ገላጭ ድርሰት ለመጻፍ፣ በድርሰታቸውም ውስጥ በዓይናቸው ያዩትን፣ ከሌላ ሰው የሰሙትንና ራሳቸው የገመቱትን በማሰሪያ አንቀጽ ለይተው ለማቅረብ ይችላሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ግን ቁጥሮችንና ዓመተ ምሕረቶችን በደብተራችሁ እየመዘገባችሁ ቀጥሉ።

ሰው በተፈጥሮው ያለፈውን ለማስታወስ ይሻል። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ፣ ሦስተኛው አሮጌ ፎቶግራፍ ያጠራቅማል። በልዩ ልዩ አገሮች ደግሞ ከጦርነት የተረፉ የራስ ቁሮችን ፈልገው የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ብዙ ሰዎች አሉ። የራስ ቁር ማለት ወታደር ወይም የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ የሚደፋው ጠንካራ ቆብ ነው። በአገራችንም በጦርነት ያለፉ እንዲህ ያሉ ቁሮች በቤተ መዘክር ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ጓዳና ጓሮ ሊገኙ ይችላሉ።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ጊዜ የብረት ቁር በሠራዊቶች ዘንድ ገና አልተለመደም ነበር። የኢጣሊያ ወታደር ይደፋው የነበረው ከቡሽ የተሠራ የፀሐይ ቆብ ነው። የብረት ቁር በሰፊው የተሠራጨው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት በምሽግ ውስጥ የተሰለፉ ወታደሮች ከላይ በሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ፍንጣሪ ራሳቸውን እየተመቱ ስላለቁ፣ ፈረንሳይ በ1915 እ.ኤ.አ. «አድሪያን» የተባለውን፣ ብሪታንያም በዚያው ዓመት «ብሮዲ» የተባለውን ቁር ለጦራቸው አደሉ። ጀርመንም በ1916 እ.ኤ.አ. የራሷን ቁር ይዛ ተከተለች። የቁሩ ዋና ተግባር ፍንጣሪን መመከት ነበር እንጂ ከቅርብ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይትን ማስቆም አልነበረም።

በኢትዮጵያ ምድር ሊገኙ ከሚችሉት የብረት ቁሮች ሦስቱ በተለይ ይጠቀሳሉ። አንደኛው የኢጣሊያ ጦር የ1933 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፤ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ሆኖ በሁለቱ ጎንና በስተኋላው በድምሩ ሦስት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አሉት። ሁለተኛው የብሪታንያ ቁር ነው፤ ጎድጓዳነቱ አነስተኛ፣ ጠርዙም እንደ ሰፌድ ዙሪያውን የተዘረጋ ነው። የብሪታንያና የተባባሪዎቿ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያን ካስወጣ በኋላ፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን የኢትዮጵያን ጦር ለዓመታት አሠልጥኗል። ሦስተኛው «ኤም ዋን» በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ቁር ነው፤ ውጫዊው የብረት ቅርፊት ከውስጠኛው ቀላል ቅርፊት ላይ ተነባብሮ ይደፋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ይህን ዓይነት ቁር ደፍተው ተዋግተዋል።

የራስ ቁር የወታደር ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ከተሞች የአየር ጥቃትን ይጠባበቁ የነበሩ ሲቪሎች፣ በግንባሩ ላይ «ደብልዩ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ቁር ይደፉ ነበር። ለሲቪሎች ከታደሉት ቁሮች አንዳንዶቹ ብረታቸው ዝቅተኛ ስለነበር ለጦር ሜዳ እንዳይውሉ ጠርዛቸው በትንንሽ ቀዳዳዎች ምልክት ተደርጎባቸዋል። ስለዚህ በአንድ ቁር ጠርዝ ላይ የምትታይ ቀዳዳ ሁሉ የጥይት ሥራ አይደለችም፤ የፋብሪካ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ጦርነቱ ሲያበቃም በጀርመን ብዙ የወታደር ቁር እየተበሳ ማጥለያ፣ እየታጠፈም ድስት ሆኗል። የጦር መሣሪያ ሁሉ መጨረሻው ይህ ቢሆን መልካም ነበር።

ይሁን እንጂ ቁር ሰብሳቢ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ቁም ነገር አለ፤ እርሱም ቁር ያልነበራቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ በከተማው የነበረው ሕዝብ ራሱን የሚከልልበት ብረት አልነበረውም። ከወረራው በኋላ በየዱሩ የተሰማራው አርበኛም በራሱ ላይ የነበረው ብዙውን ጊዜ ጎፈሬው ብቻ ነበር። በጉራጌ ምድር በቡታጅራ አቅራቢያ በምትገኘው በጎጌቲ የሆነውም ይህንኑ ያስታውሰናል። በደቡብ ግንባር ከተዋጉ በኋላ እየተከላከሉ ወደ ሰሜን የመጡት ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ከጠላት ጋር የመጨረሻውን ውጊያ አደረጉ። በአዲስ አበባ የሕዝብ እልቂት በተፈጸመበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሁለቱ ደጃዝማቾች ሕይወታቸውን አጡ። ራስ ደስታም ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አቅራቢያ ተረሸኑ።

አሁን አንዲት የቡታጅራ ተማሪ እናስብ። ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከወልቂጤ የመጡ ዘመዶች በአያቷ ቤት በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ ከጓሮ በእንሰቱ ሥር ዶሮዎች ውኃ የሚጠጡበት የዛገ ብረት ታያለች። ጭቃውን በእጇ ስትጠርግ የራስ ቁር ሆኖ ታገኘዋለች። አንድ አጎቷ፣ «ይህን ዝገት ነገ ቆራሌው ሲመጣ ስጡትና ይገላግለን» ይላል። ልጅቱ ግን ቁሩን ታቅፋ ወደ አያቷ ትሄዳለች።

«እማማ፣ ይህ የማን ነበር?»

«የአባቴ ነው፤ ጎጌቲ ዘምተው ነበር» ይሏታል።

ልጅቱ በደስታ ደብተሯን አውጥታ፣ «ይህ ቁር ቅድመ አያቴ ከጎጌቲ ጦርነት ማርከው ያመጡት የኢጣሊያ ወታደር ቁር ነው» ብላ ትጽፋለች። በማግስቱ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውል፣ እንደ ሰፌድ ከተዘረጋው ጠርዝ ሥር 1939 የሚል ቁጥር ታገኛለች። በመጀመሪያ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ታነበዋለች። መምህሯ ግን፣ «ቁሩን የሠራው ፋብሪካ በማን አቆጣጠር ይጽፍ ነበር?» ብለው ይጠይቋታል። 1939 እ.ኤ.አ. በእኛ አቆጣጠር 1931 ወይም 1932 ዓ.ም. ነው። የጎጌቲ ውጊያ ግን በ1929 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ቅድመ አያቷ በጎጌቲ ሲዋጉ ይህ ቁር ገና አልተሠራም ነበር ማለት ነው። ቅርጹም የኢጣሊያ ሳይሆን የብሪታንያ ነው።

ልጅቱ ተጨነቀች። ቁጥሩን ብትጽፍ አያቷን ሐሰተኛ ማድረግ መሰላት፤ ብትደብቀው ደግሞ ሐሰተኛዋ እርሷ ልትሆን ነው። በመጨረሻ ተመልሳ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ አባትዎ ቁሩን ከጎጌቲ እንዳመጡት ነግረዎት ነበርን?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ማን እንዲህ አለሽ?» አሉ አያቷ። «ጎጌቲ ዘምተው ነበር አልኩሽ እንጂ ከጎጌቲ አመጡት መች አልኩሽ? ከጎጌቲስ ይዘው የመጡት ቁስላቸውን ብቻ ነው። ይህን ይዘው የገቡት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ከማን እንዳገኙት ግን ሳይነግሩን ሞቱ።»

ስሕተቱ የአያቲቱ አልነበረም። ስሕተቱን የፈጠረችው ልጅቱ ራሷ የጨመረቻት «ከ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። የልጅቱ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ቁሩ ከእነ ሐሰተኛ ታሪኩ ይቀመጥ ነበር፤ ያ አርበኛ ከጎጌቲ ይዘውት የተመለሱት ቁስልም ተረስቶ ይቀር ነበር። ቁሩ ለቆራሌው ሳይሰጥ ከቤት ገባ፤ ለዶሮዎቹም ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ተገዛላቸው።

ለ. የቃላት ማብራሪያ

1. ቁር፦ የዚህ ቃል ትርጉም ሁለት ነው። አንደኛው በራስ ላይ የሚደፋ የጦር ቆብ ነው። ሁለተኛው «ሐሩርና ቁር» እንደሚባለው ብርድ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደተፈለገ የሚታወቀው በዐረፍተ ነገሩ አገባብ ነው።
2. ፍንጣሪ፦ ቦምብ ወይም የመድፍ ጥይት ሲፈነዳ የሚበታተን ስባሪ ብረት።
3. ምሽግ፦ ከጠላት ጥይት ለመከለል የሚቆፈር ወይም የሚገነባ መጠለያ።
4. ተረሸነ፦ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ።
5. ቆራሌው፦ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና የመሳሰለውን ለመግዛት በየመንደሩ የሚዞር ነጋዴ።

ሐ. ሰዋስው፦ ማሰሪያ አንቀጽና የዕውቀታችን መጠን

ማሰሪያ አንቀጽ የዐረፍተ ነገርን ሐሳብ የሚቋጭ ግሥ መሆኑን ከዚህ ቀደም ተምራችኋል። ማሰሪያ አንቀጽ ድርጊቱን ብቻ አይነግረንም፤ ጸሐፊው ነገሩን ምን ያህል እንደሚያውቀውም ያስታውቃል። የሚከተሉትን ሦስት ዓይነቶች ተመልከቱ።

1. የታየ ነገር። ጸሐፊው በዓይኑ አይቶ ወይም ለክቶ ያረጋገጠውን ሲጽፍ «ነው፣ አለው፣ ይታያል፣ ይነበባል» በመሳሰሉት ያስራል።
ምሳሌ፦ ከጠርዙ ሥር 1939 የሚል ቁጥር ይነበባል።

2. የተሰማ ነገር። ከሌላ ሰው የተገኘ ቃል ሲሆን «ነግረውኛል፣ ይላሉ፣ ይባላል» በመሳሰሉት ይታሰራል። ተናጋሪው ሲታወቅ «ይባላል» ከማለት ይልቅ ማን እንደተናገረ መግለጽ ይሻላል፤ «ይባላል» ባለቤቱን ይሸሽጋልና።
ምሳሌ፦ አያቴ አባታቸው ቁሩን ይዘው የገቡት ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንደሆነ ነግረውኛል።

3. የተገመተ ነገር። ከታየውና ከተሰማው ተነሥተን የደረስንበትን አሳብ «ሳይሆን አይቀርም፣ ይመስላል፣ ሊሆን ይችላል» እያልን እናስራለን። እነዚህም እኩል አይደሉም። «ሳይሆን አይቀርም» ብርቱ ማስረጃ ሲኖር፣ «ሊሆን ይችላል» ግን ማስረጃው ሲሳሳ ይነገራል።
ምሳሌ፦ ቅርጹ እንደሚያመለክተው ቁሩ ለብሪታንያ ጦር የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

በተጨማሪ ስለ ተደራጊ አንቀጽ ልብ በሉ። «ቁሩ ከጓሮ ተገኘ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አድራጊውን አይገልጽም። ማን አገኘው? መቼ? ተደራጊ አንቀጽ አድራጊው በእውነት ባልታወቀበት ጊዜ ተገቢ ነው። አድራጊው እየታወቀ ተደራጊን መጠቀም ግን ከንባቡ ላይ ዕውቀት መቀነስ ነው።

መስተዋድድም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ጎጌቲ ዘመቱ» እና «ከጎጌቲ አመጡ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ያለውን ልዩነት በምንባቡ አይታችኋል።

መ. ድርሰት፦ የአንድ ዕቃ መዝገብ

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

አንቀጽ አንድ፦ ይህ እጅግ አስደናቂና ታሪካዊ ቁር ከጎጌቲ ጦርነት የተገኘ ነው። በውስጡ ስንት ጀግና እንዳለፈ ማን ያውቃል! ቀዳዳው የጥይት ነው። ዋጋውም በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

አንቀጽ ሁለት፦ ይህ ቁር ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራና ጠርዙ ዙሪያውን የተዘረጋ ነው። የአገጭ ማሰሪያውና የውስጥ ሽፋኑ የሉም። ከጠርዙ ሥር 1939 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ በጠርዙ ላይም አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ ትታያለች። ቁሩን በአያቴ ጓሮ፣ በቡታጅራ፣ ለመስቀል በዓል በተሰበሰብንበት ሰሞን አገኘሁት። አያቴ ቁሩ የአባታቸው እንደነበረና ወደ ቤት የገባው ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንደሆነ ነግረውኛል። አባታቸው በጎጌቲ ተዋግተው እንደቆሰሉም አጫውተውኛል። ከቅርጹና ከቁጥሩ ስነሣ ቁሩ የብሪታንያ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ቀዳዳዋ የፋብሪካ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ቁሩ ከማን እጅ ወደ ቅድመ አያቴ እንደደረሰ አልታወቀም።

የመጀመሪያው አንቀጽ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ከእርሱ የሚያገኘው ዕውቀት የለም፤ ከያዛቸውም ቃላት ገሚሶቹ ሐሰት ናቸው። ሁለተኛው አንቀጽ አንድም የአድናቆት ቃል አልተጠቀመም። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ምኑን ማመን፣ ምኑን መመርመር እንዳለበት ያውቃል። «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ የደካማ ጸሐፊ ምልክት እንዳልሆነም ከዚህ እንረዳለን።

አሮጌ ዕቃን ለመሰብሰብና ለመመዝገብ የምትሹ ተማሪዎች የሚከተሉትን መመሪያዎች ጠብቁ።

1. ዕቃውን ከቦታው ከማንሣታችሁ በፊት የት፣ በምን ሁኔታ እንዳለ ጻፉ፤ ቢቻልም ፎቶግራፍ አንሡ። በጉራጌ ምድር የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከመቃብሮቹ አጠገብ ባይገኙ ኖሮ ብዙ ምሥጢራቸው ከቦታቸው ጋር በጠፋ ነበር። የትንሹም ዕቃ ሕግ ይኸው ነው።
2. ብረቱን በአሸዋ አትፈትጉት፤ ቀለምም አትቀቡት። አሮጌው ቀለም፣ ቁጥሩና ፊደሉ የዕቃው ምስክሮች ናቸው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አንሡለት፤ እርጥበት ከሌለበት ቦታም አኑሩት።
3. ጦርነት በተካሄደበት ቦታ አትቆፍሩ። ቦምብ፣ ጥይት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ብታዩ አትንኩ፤ ለፖሊስ አስታውቁ። አሮጌ ፈንጂ ዛሬም ይገድላል።
4. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ለመምህራችሁና በአካባቢያችሁ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አሳዩ።
5. ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በአክብሮት ጠይቁ። ቤተ ዘመድ ከየከተማው የሚሰበሰብባቸው የመስቀልና የአረፋ በዓላት ለዚህ ሥራ ይመቻሉ። የተነገራችሁን በተናጋሪው ቃል ጻፉ፤ ስትጨርሱም አንብባችሁ አሰሟቸው። «እንዲህ አላልኩም» ካሉ አርሙ።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. የብረት ቁር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተስፋፋው በምን ምክንያት ነው?
2. በቁር ጠርዝ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ሁሉ የጥይት ነው ለማለት የማይቻለው ለምንድን ነው?
3. ልጅቱ የተጨነቀችበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
4. «ከጎጌቲስ ይዘው የመጡት ቁስላቸውን ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ስለ አርበኛው ምን ያስረዳል?

መልመጃ ሁለት። የአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር ወር መባቻቸው አንሥቶ እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ በ8፣ ከአዲስ ዓመታችን እስከ ታኅሣሥ ወራቸው መጨረሻ በ7 ዓመት እንደሚበልጥ በማስታወስ፣ በዕቃ ላይ የተገኙ 1915፣ 1935 እና 1951 የሚሉ የፋብሪካ ቁጥሮች በእኛ አቆጣጠር የትኞቹን ሁለት ሁለት ዓመታት ሊያመለክቱ እንደሚችሉ ጻፉ።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የታየ፣ የተሰማ ወይም የተገመተ ነገር መግለጻቸውን ለዩ። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ማሰሪያ አንቀጽ ለውጣችሁ ወደ ሌላው ዓይነት አዛውሩ።
1. የቁሩ ውስጠኛ ሽፋን ቆዳ ነው።
2. ጎረቤታችን ቁሩን የኮሪያ ዘማች ትተውት እንደሄዱ አጫውተውናል።
3. ቀለሙ ኋላ የተቀባ ይመስላል።
4. ይህ ቁር በገበያ ተገዝቶ እንደመጣ ይባላል።

መልመጃ አራት። «የአገጭ ማሰሪያው ተቆረጠ»፣ «ቁጥሩ ተፋቀ»፣ «ዕቃው ተሸጠ» የሚሉትን የተደራጊ ዐረፍተ ነገሮች ተስማሚ ባለቤት እየሰጣችሁ ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥ በቃል ተወያዩ።

መልመጃ አምስት። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ከሚገኙ አሮጌ ዕቃዎች አንዱን ምረጡ። የግድ የብረት ቁር መሆን የለበትም፤ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ሞሰብ፣ የእንሰት መፋቂያ ወይም አሮጌ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል። በሦስት አንቀጽ የተከፈለ፣ ከ150 ቃላት ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን፣ በሁለተኛው የሰማችሁትን፣ በሦስተኛው የገመታችሁትን ብቻ አስፍሩ። የዕቃውን ታሪክ የነገራችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለእርሱ አንብቡለት።